የመኪና ባትሪ እቤት መቀየር፦ በሰሜን ሸዋ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ደብረ ብርሃን ላይ ውርጩ ሲገባ ጎረቤቱም ዘመዱም በር እያንኳኳ የሚጠይቀኝን ከቀላሉ ጀምሬ ወደ ከበድ ያለው አስቀምጬዋለሁ።

ባትሪውን ራሴ መቀየር እችላለሁ? ወይስ የግድ ኤሌትሪሽያን ልጥራ?

ትችላላችሁ። ቪትስ፣ ያሪስ፣ ኮሮላ፣ ሃይሉክስና መሰሎቻቸው ላይ ባትሪው ኮፈኑን እንደከፈታችሁ ይታያል። የሚፈታው ሁለት የገመድ ማሰሪያና ባትሪውን ወጥሮ የያዘ አንድ ብረት ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሞክር ሰው ተረጋግቶ ቢሠራ ከግማሽ ሰዓት እስከ 40 ደቂቃ ይፈጅበታል።

ባለሙያ ይጠራ የምለው ሦስት ጊዜ ነው። ባትሪው ወንበር ሥር ወይም ኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ከተቀበረ፣ መኪናው መብራት ይዞት ሲቆም ሞተሩን በራሱ የሚያጠፋ ዓይነት ከሆነ፣ ወይም ትልቅ የጭነት መኪና ከሆነ። የጭነት መኪና አንዱ ባትሪ ብቻውን ከ40 ኪሎ በላይ ሊመዝን ይችላል። ብቻችሁን አታንሱት።

ምን ምን ዕቃ ያስፈልገኛል?

ለአብዛኛው ቶዮታ 10 ቁጥር ቁልፍ ይበቃል። 12 እና 13 ቁጥርም አጠገባችሁ ይሁኑ። የብርጭቆ ወረቀት ወይም የሽቦ ብሩሽ፣ የጎማ ጓንት፣ መነጽር፣ አሮጌ ጨርቅ፣ ትንሽ ቤኪንግ ሶዳና ቫዝሊን አዘጋጁ። ቀለበት፣ የእጅ ሰዓትና የአንገት ሀብል አውልቁ። ብረት ከሁለቱ የባትሪ ጉጦች (ገመዶቹ ከሚታሰሩባቸው ጫፎች) መሀል ከገባ በቅጽበት ይግላል፤ ጣት ላይ ያለ ቀለበት ደግሞ ቶሎ አይወልቅም።

ከሁሉም በላይ የምመክረው ግን ቴስተር ነው። ትንሿ፣ ቮልት የምትለካዋ ትበቃለች። ዋጋዋ ከአንድ ባትሪ ዋጋ ጋር ሲተያይ ምንም አይደለም። ከዚህ በታች ከምጽፈው ውስጥ ግማሹ በእሷ የሚመለስ ነው።

ጥፋቱ የባትሪው መሆኑን በምን ልወቅ?

መጀመሪያ አዳምጡ። ቁልፉን ስታዞሩ «ጠቅ ጠቅ ጠቅ» እያለ የዳሽቦርዱ መብራት ከደበዘዘ ባትሪው ደክሟል። መብራቱ እንደደመቀ አንዴ «ጠቅ» ብሎ ዝም ካለ ሞተሪኖውን (ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳውን) ወይም የላላ ማሰሪያ ጠርጥሩ። ሞተሩ በደንብ እየዞረ አልነሳም ካለ ግን ባትሪውን ተዉት፤ ነገሩ የነዳጅ ወይም የካንዴላ ነው።

ከዚያ ለኩ። መኪናው ቆሞ ካደረ በኋላ፣ ሞተሩ ሳይነሳ፣ ቴስተሩን ዲሲ 20 ቮልት ላይ አድርጋችሁ ቀዩን ፖዘቲቩ (የመደመር ምልክት ያለበት) ላይ፣ ጥቁሩን ኔጌቲቩ (የመቀነስ ምልክት ያለበት) ላይ አሳርፉ። 12.6 ወይም 12.7 ካነበበ ባትሪው ሙሉ ነው። 12.4 ሦስት አራተኛ ገደማ ነው፣ 12.2 ግማሽ፣ 12.0 ሩብ። ከ11.9 በታች ባዶ በሉት። 10.5 አካባቢ ካነበባችሁ፣ ከቻርጅ በኋላም ካልተነሳ፣ ከስድስቱ ክፍሎች አንዱ ሞቷል ማለት ነው። እያንዳንዱ ክፍል 2 ቮልት ገደማ ስለሚሰጥ የአንዱ መጥፋት ቁጥሩ ላይ ወዲያው ይታያል። ያ ባትሪ አይድንም። ሌላ ሰው ቁልፉን እያዞረ እናንተ ብትለኩም ጥሩ ነው። ሞተሪኖው ሲዞር ቁጥሩ ከ9 ቮልት በታች ከሰመጠ ባትሪው ጉልበት የለውም።

ይህን የምዘረዝረው ስለደረሰብኝ ነው። አንድ የጥር ጠዋት መኪናዬ «ጠቅ» ብላ ቀረች። ሳልለካ ሱቅ ሄጄ አዲስ ባትሪ ገዛሁ። አሮጌውን ልፈታ ስጎነበስ የኔጌቲቩ ማሰሪያ ያለ ቁልፍ በእጄ ዞረ። ዳዶው ላልቶ ከሥሩ አመድ የመሰለ ዱቄት ጋግሯል። ጠርጌ ባጠብቀው ይበቃ ነበር። ያ «የሞተ» ባትሪ ዘመዴ መኪና ላይ ተገጥሞ ከዓመት በላይ ሠርቷል።

ለምን ሁልጊዜ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ይሞታል?

ብርድ ባትሪ አይገድልም፤ የደከመውን ያጋልጣል። ባትሪ ኤሌክትሪክ የሚያወጣው እርሳሱና አሲዱ ሲዋሃዱ ነው። ሲቀዘቅዝ ውህደቱ ይዘገያል። ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ባትሪው ሞተር ለማስነሳት የሚሰጠው ጉልበት በአንድ ሦስተኛ ገደማ ይቀንሳል። በዚያው ሰዓት የሞተር ዘይቱ ስለሚወፍር ሞተሪኖው ከሌላው ጊዜ የበለጠ ጉልበት ይፈልጋል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,800 ሜትር ያላነሰ ከፍታ ላይ ናት። ውርጩ ሣሩን ነጭ አልብሶት ሲነጋ ያየ ሰው ባትሪው ያን ሌሊት ምን እንዳሳለፈ መገመት አያቅተውም።

የሚገድለው ሙቀት ነው። ከ25 ዲግሪ በላይ ሙቀቱ 10 ዲግሪ ገደማ በጨመረ ቁጥር የባትሪ ዕድሜ በግማሽ ያህል ያጥራል። ሸዋ ሮቢት የሚመላለስ ሰው ይህን ልብ ይበል። ከጣርማ በር ዋሻ ወጥታችሁ በደብረ ሲና በኩል ቆላው ድረስ ስትወርዱ ከፍታው ከ1,500 ሜትር በላይ ይቀንሳል። ቆላው ባትሪውን ከውስጥ ይበላዋል፤ ግን ሙቅ ሞተር በቀላሉ ስለሚነሳ ምንም ምልክት አታዩም። ደጋ ተመልሶ አንድ ሌሊት ሲያድር ጉዱ ይወጣል። «ትናንት ሸዋ ሮቢት ላይ ደህና ነበር እኮ!» የሚለኝ ሰው የበዛው ለዚህ ነው።

አንድ ባትሪ ስንት ዓመት ማገልገል አለበት?

ከ3 እስከ 5 ዓመት። ከጠባሴ ገበያ፣ ከገበያ ቤት ብቻ የሚል መኪና ግን ቶሎ ይጨርሰዋል። ማስነሳቱ የወሰደውን ዲናሞው (ሞተሩ ሲሠራ ባትሪውን የሚሞላው) ለመመለስ ጊዜ አያገኝም። በሳምንት አንዴ ጫጫ ወይም ሸኖ ደርሶ መመለስ ለእንዲህ ዓይነቱ ባትሪ መድኃኒት ነው።

የትኛውን መጠን ልግዛ?

አሮጌውን ከመፍታታችሁ በፊት ከላይና ከጎን ፎቶ አንሱት። ላዩ ላይ «ኤንኤስ 40»፣ «ኤንኤስ 60» ወይም «ኤን 70» የሚል መጠሪያ ታገኛላችሁ። ሱቅ ውስጥ ሰው በአምፒር ነው የሚያወራው። ለቪትስና ያሪስ ከ35 እስከ 45፣ ለኮሮላ ከ45 እስከ 60፣ ለናፍጣ ፒካፕ 70 እና ከዚያ በላይ የተለመደ ነው። ናፍጣ ሞተር አየሩን አጥብቆ ስለሚጨምቅ ለመዞር ብዙ ጉልበት ይጠይቃል።

ሁለት ነገር ብዙ ሰው ያስመልሳል። አንደኛው የፖዘቲቩ አቅጣጫ ነው። መጠሪያው መጨረሻ ላይ ብዙ ጊዜ «ኤል» ወይም «አር» የሚል ፊደል አለ፤ ከተሳሳተ ገመዱ አይደርስም፣ ወይም ተጠማዞ ይወጠራል። ሁለተኛው የጉጡ ውፍረት ነው። ቀጭንና ወፍራም አለ። ቀጭኑን በወፍራም ማሰሪያ ላይ በቆርቆሮ ጠቅልሎ ማጥበቅ የተለመደ ነው፤ እኔ ግን አልወደውም። መንገጫገጭ ሲበዛ ይላላል፤ የኛን የገጠር መንገድ ደግሞ ታውቁታላችሁ።

ትንሽ ከፍ ያለ አምፒር መግጠም ዲናሞውን አያቃጥለውም። ከቦታው ጋር በትክክል መግባቱን፣ ኮፈኑ ሲዘጋም ጉጡን የማይነካ መሆኑን ብቻ አረጋግጡ።

ሱቅ ውስጥ አዲስ መሆኑን በምን አረጋግጣለሁ?

የተመረተበትን ጊዜ ጠይቁ። አሲድ ተሞልቶ የሚመጣ ባትሪ መደርደሪያ ላይ ሆኖም ያረጃል። ከስድስት ወር በላይ ቻርጅ ሳይደረግ የተቀመጠን አልገዛም። ቴስተራችሁን ኪሳችሁ ይዛችሁ ሂዱና እዚያው ለኩት። 12.5 እና ከዚያ በላይ ጥሩ ነው። ከ12.4 በታች ከሆነ ሌላ እንዲያወጡላችሁ በትሕትና ጠይቁ። እኔ አንዴ ሳልለካ የወሰድኩት ባትሪ እቤት ሲደርስ 12.1 አነበበ። ፕላስቲኩ አዲስ ነው፤ ውስጡ ግን ከርሟል። ስመልስ «አንዴ ከወጣ አንቀበልም» አሉኝ።

አሲዱ ሱቅ ውስጥ የሚሞላ ዓይነት ከሆነ ሞልተው ወዲያው እንዳይሰጧችሁ። ውስጡ ያሉት የእርሳስ ሳህኖች አሲዱን እስኪጠጡ ግማሽ ሰዓት ያህል ይቀመጥ፤ ከዚያ ቻርጅ ይደረግ። የዋስትናው ወረቀት ላይ ቀኑና ማኅተሙ መኖሩን ሳታዩ አትውጡ።

የትኛው ገመድ ቀድሞ ይፈታል?

ኔጌቲቩ። ጥቁሩ፣ የመቀነስ ምልክት ያለበት። ስትገጥሙ ደግሞ መጨረሻ የሚገባው እሱ ነው። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ብትይዙ ይህን ያዙ።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ኔጌቲቩ ከመኪናው ቦዲ ጋር ታስሯል። ስለዚህ ላሜራው፣ ሞተሩ፣ ኮፈኑ ሁሉ ኔጌቲቭ ነው። ፖዘቲቩን ቀድማችሁ ስትፈቱ ቁልፉ ተንሸራቶ ቦዲውን ቢነካ በመቶዎች የሚቆጠር አምፒር በቁልፉ ውስጥ ያልፋል። ብየዳ በሉት። ጎረቤቴ ጋ ያለ 10 ቁጥር ቁልፍ ጫፉ ላይ አይጥ የነከሰው የሚመስል ጉድጓድ አለው። ከአንድ ሰከንድ ያነሰ ጊዜ ነው ያንን የሠራው። ኔጌቲቩ ቀድሞ ከተፈታ ግን ቁልፉ የትም ቢነካ ምንም አይመጣም፤ መንገዱ ተቆርጧላ።

ሥራውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ንገረኝ።

መኪናውን ሜዳ ላይ አቁሙ። የእጅ ፍሬን ያዙ። ሞተሩን፣ መብራቱን፣ ሬዲዮውን አጥፉ፤ ቁልፉን አውጥታችሁ ኪሳችሁ ክተቱት። በር ተቆልፎ እንዳይቀርባችሁ አንዱን መስኮት ዝቅ አድርጉት። ኔጌቲቩን ፍቱና ገመዱን ተመልሶ እንዳይነካ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ወደ ጎን አርቁት። ከዚያ ፖዘቲቩን ፍቱ። ማሰሪያው ከተጣበቀ በካቻቢቴ አትፈልቅቁት፣ በመዶሻም አትምቱት። ሙቅ ውሃ አፍስሱበትና ግራ ቀኝ እያዞራችሁ ሳቡት። የባትሪው ጉጥ እርሳስ ነው፤ ለስላሳ ነው፤ በኃይል ከሥሩ ይነቀላል።

ከዚያ መያዣውን ብረት ፍቱ። ዳዶዎቹ ሞተር ሥር ከወደቁ ለማግኘት ያስቸግራሉና አንድ ሳህን ላይ አስቀምጡ። ባትሪውን በሁለት እጅ፣ ቀጥ አድርጋችሁ፣ ጉልበታችሁን አጥፋችሁ አንሱት። የ45 አምፒሩ ከ10 ኪሎ በላይ ነው። አታዘንብሉት። ማረፊያው ላይ ዝገት ካለ ጠራርጉ። የሁለቱን ማሰሪያዎች ውስጠኛ ክፍል በብርጭቆ ወረቀት እስኪያብረቀርቅ ፈግፍጉ።

አዲሱን አስቀምጡ። መጀመሪያ መያዣውን ብረት እሰሩ። ይህን ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ የሚንቀጠቀጥ ባትሪ ግን ሳህኖቹ ውስጡ ይሰባበራሉ። ቀጥሎ ፖዘቲቩን፣ መጨረሻ ኔጌቲቩን። ኔጌቲቩ ሲነካ ትንሽ ብልጭታ ልታዩ ትችላላችሁ፤ አትደንግጡ። ማሰሪያውን በእጅ አሽከርክራችሁ ፈትኑት። ከዞረ አልጠበቀም። በመጨረሻ ስስ ቫዝሊን ከላይ ቀቡት።

ጉጡ ላይ የሚጋግረው ነጭና አረንጓዴ ነገር ምንድን ነው?

ከባትሪው የሚወጣ የአሲድ ትነት ከብረቱ ጋር ተዋሕዶ የሚፈጥረው ጨው ነው። ኤሌክትሪኩን ያግዳል። በትንፋሽ አትንፉት፣ በባዶ እጅም አትንኩት። አንድ የሾርባ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በአንድ ብርጭቆ ሙቅ ውሃ በጥብጡና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ እሹት። አረፋ እያወጣ ይሟሟል። አረፋው ሲያበቃ በንጹሕ ውሃ አለቅልቁና አድርቁት። ባለ ክዳን ባትሪ ከሆነ ሶዳው በክዳኑ ቀዳዳ ወደ ውስጥ እንዳይገባ ተጠንቀቁ፤ የውስጡን አሲድ ያበላሸዋል። ኮካ የሚያፈሱ አሉ። ያጸዳል፤ ግን ስኳሩ ይቀርና አቧራ ይሰበስባል።

አሲዱ ቢነካኝስ?

ውሃ፣ አሁንም ውሃ። ቆዳ ከሆነ ቢያንስ 15 ደቂቃ በሚፈስ ውሃ እጠቡ። ዓይን ከሆነ እየታጠባችሁ ሰው ጥሩና ቀጥታ ጤና ተቋም ሂዱ። ለዚህ ነው ሥራውን ስትጀምሩ አንድ ጀሪካን ውሃ አጠገባችሁ ይቀመጥ የምለው። ቧንቧው በዚያ ሰዓት ላይመጣ ይችላል።

ጋቢ ለብሳችሁ ባትሪ አትቀይሩ። ብርዱ እንደሚያስገድድ አውቃለሁ። ጥጥ ላይ የነካ አሲድ ግን ያን ዕለት አይታይም። ጋቢው ታጥቦ ሲሰጣ ነው ወንፊት ሆኖ የሚገኘው።

ሲጋራም፣ ክብሪትም፣ የከሰል ምድጃም አይቅረብ። ባትሪ፣ በተለይ ቻርጅ ሲደረግ፣ ሃይድሮጅን ጋዝ ያወጣል። በተዘጋ ክፍል ውስጥ አንድ ብልጭታ ባትሪውን ሊያፈነዳው ይችላል።

ክዳን ያለውን ባትሪ በሃይላንድ ውሃ መሙላት ይቻላል?

አይቻልም። የታሸገ የመጠጥ ውሃ ለሰው ነው የተጣራው፤ ማዕድን አለው። የቧንቧና የምንጭ ውሃም ያው ነው። ማዕድኑ ሳህኖቹ ላይ ይጣበቃል። የሚሞላው የተነጠረ ውሃ፣ ሱቅ ውስጥ «የባትሪ ውሃ» የሚባለው ነው። አሲድ አትጨምሩ፤ የሚተነው ውሃው እንጂ አሲዱ አይደለም። ሳህኖቹን አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል እስኪሸፍን ብቻ ሙሉ። ከአፉ ከሞላ ሲሞቅ ይገነፍልና ከላይ የተባለውን ጨው ያመጣል።

ሌሊት ኮፈኑን በብርድ ልብስ ብሸፍነው ይጠቅማል?

እምብዛም። ብርድ ልብስ የሚያሞቀን እኛ ራሳችን ሙቀት ስላለን ነው። መኪና ከጠፋ በኋላ ሙቀት አያመነጭም። ወፍራም የመንዝ ባና ብታለብሱት ለጥቂት ሰዓት ቅዝቃዜውን ያዘገየዋል። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ግን ባትሪው ከውጪው አየር ጋር እኩል ይሆናል። በዚያ ላይ ኮፈኑ ሥር ተጎዝጉዞ የተረሳ ጨርቅ ጠዋት እሳት ሊያስነሳ ይችላል።

የሚጠቅመው ሙሉ ቻርጅ የሆነ ባትሪ ነው። ሁለተኛው ጣሪያና ግድግዳ ያለው ማደሪያ። ባትሪው ደክሞ ገና መግዛት ያልቻለ ሰው ማታ ነቅሎ ቤት ቢያስገባው ጠዋት ልዩነቱን ያየዋል። ከመኝታ ክፍልና ከምድጃ ግን ይራቅ። ሲሚንቶ ወለል ባትሪ ይመጥጣል የሚባለውን አትፍሩ። የድሮ ባትሪዎች ወሬ ነው፤ የዛሬው የፕላስቲክ ሳጥን አይነካውም።

ገፍቶ ወይም ቁልቁለት ላይ ለቅቆ ማስነሳት ይጎዳል?

ማንዋል መኪና ከሆነ ለአንድ ቀን ይሠራል። ሁለተኛ ማርሽ ውስጥ አስገብታችሁ፣ ፍሪስዮን ረግጣችሁ፣ ፍጥነት ሲያገኝ መልቀቅ ነው። አውቶማቲክ በመግፋት አይነሳም፤ አትድከሙ።

የምለምናችሁ ትልቅ ቁልቁለት ላይ አትሞክሩት። ሞተር ካልተነሳ ፍሬኑ ከአንድ ሁለት ርግጫ በኋላ ይደነድናል፤ መሪውም ይከብዳል። ሰፈር ውስጥ ለጥ ያለ ቦታ ላይ ሁለት ሰው ገፍቶ ያስነሳዋል። የጣርማ በርና የአንኮበር ዓይነት ቁልቁለት ላይ ግን የጠፋ ሞተር ይዞ መውረድ በነፍስ መጫወት ነው።

ከሌላ መኪና በገመድ ሳስነሳ፣ አይሱዙ ቢሆንም ችግር የለውም?

አለው። ብዙዎቹ የጭነት አይሱዙዎች ሁለት ባትሪ ተያይዞላቸው በ24 ቮልት ነው የሚሠሩት። የእናንተ 12 ነው። መንገድ ላይ ደግ ሹፌር ቆሞ «ገመድ አለኝ» ቢላችሁ መጀመሪያ ይህን ጠይቁ። 24 ቮልት በትንሽ መኪና ላይ ሲለቀቅ አምፖልና ሬዲዮ ብቻ አይደለም የሚሄደው፤ የሞተሩ ኮምፒውተር አብሮ ሊቃጠል ይችላል። 12 ቮልት መኪና ጠብቁ።

ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። ቀዩ ገመድ መጀመሪያ የሞተው ባትሪ ፖዘቲቭ ላይ፣ ሌላው ጫፉ የደህናው ፖዘቲቭ ላይ። ጥቁሩ የደህናው ኔጌቲቭ ላይ፣ የመጨረሻው ጫፍ ደግሞ በሞተው መኪና ሞተር ላይ፣ ከባትሪው ራቅ ያለ ባዶ ብረት ላይ። ብልጭታው ከባትሪው ጋዝ እንዲርቅ ነው። ደህናውን አስነስታችሁ አምስት ደቂቃ ያህል ጠብቁ፤ ከዚያ ሞክሩ። ሲነሳ ገመዱን በተገላቢጦሽ አውጡ።

ከቀየርኩ በኋላ ሞተሩ ይርገበገባል፤ መስኮቱም በአንድ ጊዜ አይዘጋም። ምን አበላሸሁ?

ምንም። ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ ኮምፒውተሩ የተማረውን ይረሳል። ሞተሩን አስነስታችሁ ኤሲና መብራት ሳታበሩ አሥር ደቂቃ ያህል ተዉት፤ ከዚያ ንዱት፤ ይረጋጋል። መስኮቱን እስከ መጨረሻ ዝጉና ቁልፉን ሳትለቁ ጥቂት ሰከንድ ያዙት፤ ብዙ መኪና ላይ ይመለሳል። አንዳንድ የአውሮፓ መኪና ሬዲዮ የምስጢር ቁጥር ስለሚጠይቅ ቁጥሩን ከመፍታታችሁ በፊት ፈልጉት።

አዲሱ ባትሪ በሳምንቱ ሞተ። ሱቁ ነው ያታለለኝ?

ምናልባት። ግን መጀመሪያ ዲናሞውን ለኩ። ሞተሩ እየሠራ ባትሪው ላይ ከ13.8 እስከ 14.5 ገደማ ማንበብ አለበት። 12 ምናምን ካነበበ ዲናሞው አይሞላም፤ ቺንጊያው ላልቶም ሊሆን ይችላል። ከ15 ካለፈ ደግሞ ባትሪውን እያፈላው ነው። ዲናሞው ታሞ ባትሪ መለዋወጥ የሚያፈስ በርሜል ላይ ውሃ መጨመር ነው።

አንድ ልማድ ግን አጥብቄ እቃወማለሁ። ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ገመድ ነቅሎ «ካልጠፋ ዲናሞው ደህና ነው» የሚል ፈተና። በድሮ መኪና ያስኬድ ነበር። በዛሬዎቹ ላይ ገመዱ በተነቀለበት ቅጽበት ቮልቱ ወደ ላይ ይዘልና ኮምፒውተሩን ወይም ራሱን ዲናሞውን ያቃጥላል። መካኒኩ እጁን ወደ ገመዱ ሲሰድ ካያችሁ በትሕትና አስቁሙት፤ ቴስተራችሁን ስጡት።

ዲናሞው ደህና ከሆነ መኪናው ቆሞ እያለ የሚጠጣ ነገር አለ። ሁሉ ነገር ጠፍቶ እስከ 50 ሚሊ አምፒር መውሰድ ጤናማ ነው። 45 አምፒሩ ባትሪ በዚህ ፍጥነት ከአንድ ወር በላይ ይቆያል። በአንድ ሌሊት ካለቀ ፍጆታው ከዚያ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ብዙ ጊዜ የማገኘው በኋላ የተገጠመ ጂፒኤስ፣ አላርም ወይም ሬዲዮ ነው፤ አልፎ አልፎ ደግሞ የኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ሳይጠፋ የሚያድር አምፖል።

ፖዘቲቩንና ኔጌቲቩን ገልብጬ ገጠምኩት። አለቀልኝ?

ወዲያው ፍቱት፤ ቁልፍ አታዙሩ። ዕድለኛ ከሆናችሁ ዋናው ፊውዝ ብቻ ተቃጥሎ የቀረውን አድኖታል። ባትሪው አጠገብ ያለውን የፊውዝ ሳጥን ከፍታችሁ ትልልቆቹን እዩ። እኩል አምፒር ያለው ፊውዝ ይተካ እንጂ በሽቦ አትጠልፉት። ፊውዙ ተቀይሮ ባትሪው ካልሞላ የዲናሞው ዳዮድ ሄዷል። ይሄኛው የኤሌትሪሽያን ሥራ ነው።

የኤሌክትሪክ መኪና አለኝ። ትልቁ ባትሪ ሙሉ ሆኖ አልነሳም አለ። እንዴት?

ይህ ጥያቄ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ እየበዛ መጥቷል። ኤሌክትሪክ መኪናም ትንሽ 12 ቮልት ባትሪ አለው። በሩን የሚከፍተው፣ ኮምፒውተሩን የሚቀሰቅሰው፣ ትልቁን ባትሪ ከሞተሩ ጋር የሚያገናኘው እሷ ናት። እሷ ከሞተች ትልቁ 90 በመቶ ቢሆንም መኪናው አይነቃም። ሃይብሪድም እንዲሁ ነው።

ትንሿን መቀየር ከላይ ካለው ብዙ አይለይም። ግን የመኪናውን መመሪያ ሳታነቡ አትጀምሩ፤ አንዳንዱ ላይ ባትሪዋ ከእርሳስ ሳይሆን ከሊቲየም ናት፤ በእርሳስ አትተካም። ብርቱካናማ ቀለም ያለውን ማንኛውንም ገመድ ደግሞ አትንኩ። እሱ ውስጥ ያለው በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ነው፤ ይገድላል።

አሮጌውን ባትሪ ምን ላድርገው?

ብዙ ሱቆች አሮጌውን ተቀብለው ከአዲሱ ዋጋ ላይ ይቀንሳሉ። ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ። ለቁራሌው የምትሰጡ ከሆነ አሲዱን እንዲደፋ አትፍቀዱለት። የባትሪው ክብደት ከግማሽ በላይ እርሳስ ነው። እርሳስ የልጆችን አእምሮ እድገት ይጎዳል፤ ከገባበት አፈርም አይወጣም። ጓሮ ውስጥ ሰብሮ እርሳሱን አቅልጦ ለሚዛን ወይም ለሌላ ነገር የሚያውል ሰው ከጢሱ ጋር መርዙን ለቤተሰቡ ያስተነፍሳል።

እስክትወስዱት ድረስ ቀጥ አድርጋችሁ ፕላስቲክ ሳፋ ውስጥ አስቀምጡት፤ ሁለቱን ጉጦች በፕላስተር ሸፍኑ፤ ዝናብ የማያገኘው፣ ልጅና ዶሮ የማይደርስበት ቦታ ይሁን። እኔ ቤት እንጨት መጋዘኑ ከፍ ያለው መደርደሪያ ላይ ነው የሚቆየው፣ ሳፋው ላይ «አሲድ» ተብሎ በቀይ ተጽፎበት።